በክረምት ቤት የምትሠሩ፣ ሳይደርቅ አትግቡ

በጎንደር ገጠር ቤት የሚመረገው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። ምርጊቱ ሳይደርቅ ማንም ዕቃውን አያስገባም። እዚህ እስራኤል ግን ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው። የቤት ኪራዩም ማሽካንታውም በአንድ ላይ ስለሚከፈል፣ ካብላኑ «ለፋሲካ ትገባላችሁ» ሲል ደስ ይለናል። እኛ ነርሶች ግን ቸኩለው የገቡትን በሚቀጥለው ክረምት እናገኛቸዋለን። ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል፤ ልጁ ሌሊት ያስለዋል፤ አያት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ያብስበታል።

አዲስ ቤት ውኃ የጠጣ ቤት ነው። ኮንክሪቱም ልስኑም የሚቦካው በውኃ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ ይፈተናል፤ ነገር ግን መጠንከር ሌላ፣ መድረቅ ሌላ ነው። በብርድና በዝናብ ወቅት መድረቁ ይዘገያል። እርጥብ ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ውኃው ውስጥ ይቀራል። በተለይ ማማድ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱም ጥብቅ ስለሆነ፣ የተኙት ልጆች ትንፋሽ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል። ሻጋታው ከቁም ሣጥን ጀርባ ይጀምራል።

ቤቱ ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ከሰል አታንድዱ። በሣር ክዳን ቤት ጭሱ በክዳኑ መሐል ይወጣ ነበር፤ እዚህ በተዘጋ ክፍል ግን የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የጋዝ ማሞቂያም ሲነድ እርጥበት ይጨምራል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ 101 ደውሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

አንደኛ፣ ካብላኑ በካብላኖች መዝገብ ውስጥ መኖሩን። ሁለተኛ፣ ክፍያው በቀን ሳይሆን በተጠናቀቀ ሥራ መሆኑን፤ ሥራውንም እናንተ የቀጠራችሁት መሐንዲስ ይመርምረው። ሦስተኛ፣ ጣሪያና መስኮት ውኃ እንዳያስገቡ ሳይደረግ የውስጥ ልስን እንደማይጀመር በውሉ ይጻፍ። አራተኛ፣ እንደ ጽፋትና ኢየሩሳሌም ባሉ ከፍታ ቦታዎች ብርዱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ያለ መከላከያ ኮንክሪት እንዳይፈስ። ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። አምስተኛ፣ ከቀለም በፊት የግድግዳው እርጥበት በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

ውሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ ልጆቻችን ብቻ ይተርጉሙልን አንበል። ልጅ ቋንቋውን ቢያውቅም ሕጉን አያውቅም፤ ጠበቃ ያንብበው።

የአንድ ወር ተጨማሪ ኪራይ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ልስን አፍርሶ እንደገና መሥራት ከዚያ ይበልጣል። ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ መስኮት ክፈቱ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አርቁ። ሳል ከበዛባችሁም ለሐኪሙ ስለ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱም ንገሩት።