ቆዳን ሳይጎዱ ጺምን ስለ መላጨት

ጺምን መላጨት በየማለዳው ከሚፈጸሙት የንጽሕና ተግባሮች አንዱ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስለውም። ልጅ አባቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን አይቶ ይለምደዋል፤ የለመደውንም እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል። ከተላጨ በኋላ ፊቱ ቢቃጠል፥ አንገቱን ቢያሳክከው፥ ከመንጋጋው በታችም ጥቃቅን እባጮች ቢወጡበት በምላጩ ያመካኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ጺሙን እስከ ሥሩ ለማጥፋት የሚያደርገው ጥረት ነው።

ምላጭ የሚገባበትን መላጫ በሰፊው ለገበያ ያቀረበው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. ሽያጭ ሲጀመር የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ፤ በሚከተለው ዓመት ግን ከ90 ሺህ በላይ መላጫ ተሸጠ። ሰው የወደደው ስለቱ በክዳን ተሸፍኖ ጠርዙ ብቻ ብቅ ስለሚል ነው። ይህም ጥልቅ ቁስልን ይከለክላል እንጂ የቆዳን መላላጥ አይከለክልም።

ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው፤ ውሃ የጠጣ ጺም ግን አብጦ ይለሰልሳል፥ ለመቁረጥም አነስተኛ ኀይል ይበቃዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፊትን ታጥቦ፥ በለብ ያለ ውሃ የተነከረ ፎጣ አገጭና አንገት ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። የሳሙናው አረፋ ይህን ውሃ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፥ ምላጩንም ያንሸራትተዋል፤ በመካከል ቢደርቅ ውሃ ጨምሮ ማደስ እንጂ በደረቁ መቀጠል አይገባም። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ አረፋ አልሰጥ ካለም የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ይሻላል።

ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን እንዲሠራ አድርጎ በአጭር በአጭሩ መሳብ ነው። የመላጫው ክብደት ራሱ ስለሚበቃ እጅ ይመራዋል እንጂ አይጫነውም። ጺሙ ወዴት እንደሚተኛ ለማወቅ ከመታጠብ በፊት ጣትን በላዩ ማሳለፍ ይበቃል፤ ጣት ሳይከረክረው የሚያልፍበት አቅጣጫ ምላጩም የሚሄድበት ነው። በጉንጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይተኛል፤ በአንገት ላይ ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚዞርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንገት ከጉንጭ ይልቅ የሚቆስለውም ይህ ሳይታወቅ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚላጭ ነው።

ጠጉሩ ጥቅልል ለሆነ ሰው፥ ማለትም በአገራችን ለብዙዎች፥ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። ቆዳው ተወጥሮ ጺሙ ከሚተኛበት በተቃራኒ ሲላጭ፥ የተቆረጠው ጠጉር ሹል ጫፍ ይዞ ከቆዳው በታች ይሰወራል። ሲያድግም ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ የሥሩን ግድግዳ ይወጋል፤ ወይም ጥቂት ወጥቶ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳውን ይበሳል። ሰውነትም እሾኽ እንደ ገባበት ያህል ያብጣል። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ጠጉሩን እየሳበ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው፥ እንዲህ ላለው ሰው ባለ አንዱ ምላጭ ይመረጣል።

የሚያሳዝነው ሰውየው እብጠቱን ከቆሻሻ የመጣ መስሎት በማግሥቱ አብልጦ መፋቁ ነው፤ እንዲህ እያለ ጥቁር ምልክትና ጠባሳ ይቀርበታል። በተማሪዎች ፊት የሚቆም መምህርም ተላላፊ በሽታ ይዞታል ተብሎ ይታማ ይሆናል፤ እብጠቱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቱ አንድ ወር ያህል መላጨትን መተው ነው፤ ጠጉሩ ሲረዝም አብዛኛው ራሱን ነጻ ያወጣል። መንቀል ግን ክፉ ነው፥ አዲሱ ጠጉር ያንኑ መንገድ ይከተላልና። ከዚያ ወዲያ ቆዳን ሳይወጥሩ፥ አንዱንም ስፍራ ሳይደጋግሙ፥ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መላጨት ይበቃል። የመሥሪያ ቤት አለቆችም ይህችን አንድ ሚሊሜትር እንደ ስንፍና ባይቆጥሯት መልካም ነበር። መግል የያዘ ወይም እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ግን ለሐኪም ይታይ።

ከተላጩ በኋላ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ፥ ሳይፈትጉ በፎጣ መታ መታ ማድረግ ነው። አልኮል ያለበት ሽቶ ቆዳን ያደርቃል፤ ማቃጠሉም የመፈወሱ ምልክት አይደለም።

በአዳሪ ቤትና ብዙ ወንድማማች በሚኖርበት ቤት አንዱ የሌላውን ምላጭ መዋሱ የተለመደ ነው። ዐይን የማያየው የደም ጠብታ የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢ፥ እንዲሁም ኤች.አይ.ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ስለሚቆይ፥ ምላጩን በውሃ ማለቅለቅ አያድንም። በጠጉር አስተካካይ ቤትም አዲሱ ምላጭ በደንበኛው ፊት ከወረቀቱ ይውጣ፤ ደንበኛውም ይህን ለመጠየቅ አይፈር። ያገለገለውን ምላጭ ክዳኑ በተሰነጠቀ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ማጠራቀም እንጂ ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ መጣል አይገባም።