ስሞከር ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬታችሁን እዩ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ «ይምጣልኝ» የሚባለው ዕቃ ተቀይሯል። ድሮ ስልክና ጫማ ነበር። ዘንድሮ ግን ቲክቶክ ላይ ውጭው ከሰል መስሎ ውስጡ በጣት የሚበጣጠስ ሥጋ ያየ ሁሉ የኤሌክትሪክ ስሞከር ያምረዋል። እኔንም አምሮኛል። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሊመጣ ስለሆነ «እሺ» ከማለቴ በፊት ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሠራሁት። የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ብራንድና ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ከነሱ በፊት ሶኬቱ፣ ጢሱ የሚወጣበት ቦታና በዓመት ስንት ቀን እንደምትጠቀሙበት አለ።

መጀመሪያ ዕቃው ምንድነው? ሙቀት እንዳያመልጥ ተደርጎ የተሠራ ሳጥን ነው። ታች እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ማሞቂያ አለው። ከሱ በላይ እፍኝ የእንጨት ስብርባሪ የሚቀመጥበት ትሪ፣ የውሃ ሳህንና የሥጋ መደርደሪያዎች አሉ። እንጨቱ አይነድም፤ ይጨሳል። ሥጋው ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ቀስ እያለ ይበስላል። በቃ ይኸው ነው።

120 እና 220

አሜሪካ ውስጥ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ብዙ ሰው «ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የማሞቂያ ነገር ግን እንደዛ አይደለም። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለ120 ቮልት የተሠራ የ800 ዋት ስሞከር በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካ ወደ 2,700 ዋት ገደማ ሊስብ ይሞክራል። ቆጣሪው ካልጣለው ማሞቂያው ይቃጠላል፤ ካልሆነም እሳት ያስነሳል። የሶኬት አዳፕተር የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቴጁን አይነካውም።

መፍትሔው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው። ለ800 ዋት ዕቃ ቢያንስ የ1,000፣ ቢቻል የ1,500 ዋት ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪና ሸክም ነው። ስሞከሩ ብቻውን ሃያ ኪሎ አካባቢ ሲሆን አንድ ሙሉ ሻንጣ በላ ማለት ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ ከአሜሪካ ይልቅ ዱባይ ወይም አውሮፓ ላለ ሰው ቢሄድ ይሻላል። እዛ ያለው መብራት ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ፤ «220–240 ቮልት» ካላለ ይቅርባችሁ።

የመብራት ፍጆታው ግን አያስፈራም። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ የስሞከሩ 800 ሩቡን እንኳን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስድስት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሙቀቱን ሲደርስ ራሱ ስለሚያጠፋና ስለሚያበራ በተግባር ከዛ ያንሳል። ቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት።

መብራት ሲሄድ

ማስታወቂያዎቹ የማይነግሩን ይሄን ነው። ብዙዎቹ ዲጂታል ሞዴሎች መብራት ሄዶ ሲመለስ የሞላችሁትን አያስታውሱም፤ ጠፍተው ይጠብቋችኋል። እናንተ ተኝታችሁ ከሆነ ሥጋው ሌሊቱን ለብ እንዳለ ያድራል። በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለው ተራው ሞዴል ግን መብራቱ ሲመጣ ሥራውን ይቀጥላል። ብሉቱዝ የሌለው፣ ርካሹ፣ ለእኛ ሰፈር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር የግድ ነው። መብራት ሲሄድ የሥጋው ውስጥ ከ60 በታች ከሆነ ሳትጠብቁ ወደ ጋዝ ወይም ከሰል አዙሩት። ከ60 በላይ ከሆነ በሩን አትክፈቱ፤ ሳጥኑ ሙቀቱን ለጊዜው ይይዛል፣ እናንተ ቴርሞሜትሩን ተከታተሉ። ዶሮ ደግሞ ውስጡ 74 ሳይደርስ አይቀርብም።

ጢሱስ የት ይሄዳል?

ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይሠራል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ከሚጨስ እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃው ግቢ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከሆናችሁ ጢሱ አምስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጎረቤት ጋር ያላችሁ ሰላም ደግሞ ከሥጋ ይበልጣል።

እንጨቱን በተመለከተ እኛ አዲስ አይደለንም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ስናጥን ነው የኖርነው። ደረቅ ወይራ ለሥጋም አሪፍ ነው። ባሕር ዛፍና ጽድ ግን ዘይትና ሙጫ ስላላቸው ጢሳቸው ይመራል። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ የኮንስትራክሽን እንጨት ፈጽሞ አታስገቡ።

የትኛው ሥጋ?

ጭቅና ገዝቶ ስሞከር ውስጥ መክተት ብር ማቃጠል ነው። ቀይና ለስላሳ ሥጋ በረጅም ሙቀት ይደርቃል። የሚፈለገው ጅማትና ስብ ያለው ነው፤ ፍርምባና ጎድን። ጅማቱ በዝግታ ቀልጦ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ለቋንጣ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ተዉት። ቋንጣ ይደርቃል እንጂ አይበስልም፤ ለሱ ገመድና አየር ይበቃዋል።

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ፍርምባ በዚህ አበሳሰል ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያጣል። ሦስት ኪሎ ገዝታችሁ ለእንግዳ የምታቀርቡት ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ አሠራሮች «ውስጡ 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥብ ሥጋም ከዛ ብዙም አያልፍም። 95ን ስትጠብቁ ሥጋው ይደርቅባችኋል። 88 አካባቢ ሲደርስ ሹካ ሰክታችሁ መሞከር ጀምሩ፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል።

ሌላው፣ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ቀጥ ሊል ይችላል። አልተበላሸም። ሥጋው እያላበ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው። በፎይል ጠቅልሉት፣ ይቀጥላል።

ሂሳቡ

ለምሳሌ ዕቃው እጃችሁ ላይ እስኪደርስ 30,000 ብር ፈጀ እንበል። በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? የምትጾሙ ከሆነ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ አጽዋማት አሉ፣ ረቡዕና ዓርብ አሉ። እሑድን ሁሉ ሥጋ የምታጥኑበት ቤትም፣ በጀትም የለም። በዓመት አሥር ጊዜ ቢሠራና ሦስት ዓመት ቢቆይ 30 ጊዜ ነው። ሥጋው ሳይገዛ፣ መብራቱ ሳይቆጠር፣ በአንድ ጊዜ 1,000 ብር ለሳጥኑ ትከፍላላችሁ። ግቢ ካለው ጓደኛ ጋር ሦስት ሆናችሁ ገዝታችሁ በዓመት 30 ጊዜ ብትጠቀሙበት ግን ያው ሳጥን በአንድ ጊዜ ወደ 333 ብር ይወርዳል። ኢኮኖሚክስ አራት ዓመት ተምሬ ያገኘሁት ትልቁ ጥበብ ይሄ ሳይሆን አይቀርም፦ ቋሚ ወጪ ብቻህን ከተሸከምከው ይከብዳል።

ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰቡ ይወደው እንደሆነ አጣሩ። ወፍራም የብረት ድስት፣ እፍኝ የወይራ ስብርባሪ በፎይል፣ ከላዩ የሽቦ መደርደሪያና አንድ ኪሎ ጎድን ይበቃችኋል። ክዳኑን ግጠሙ፣ ግቢ ውስጥ ለስ ባለ እሳት ላይ ጣዱት። እናቴ ጢስ ጢስ ያለውን ሥጋ «አሳርራችሁት ነው» ብላ ወደ ጎን የምትገፋ ሰው ናት። የእናንተም እንደዛ ካለች 30,000 ብር አተረፋችሁ። ሁለተኛ ከጠየቀች ደግሞ ዱባይ ያለ ዘመድ ፈልጉ።