ልጅዎ «የሞተሬን ኮምፒዩተር ላስተካክል» ሲልዎት

ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት ሳገለግል ሳልጠይቅ ለማንም አንዲት ክኒን ሰጥቼ አላውቅም። ዕድሜህ ስንት ነው? ክብደትህስ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? መልሱን ሳልሰማ እጄ ወደ መደርደሪያው አይሄድም። ባለፈው ዓመት ግን የልጅ ልጄ ከሰመራ ደውሎ «እማማ፣ ለሞተሬ አንድ ዕቃ ልገዛ ነበር፤ ትንሽ ብር ጎደለኝ» ሲለኝ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቀው ላክሁለት። የአያት ነገር ታውቁት የለ? ለልጆቻችን የነፈግነውን ለልጅ ልጆቻችን ሳንቆጥር እንሰጣለን።

ያ ዕቃ «ቺፕ» ይባላል። የሞተሩን ኮምፒዩተር ቀስቅሶ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። የልጅ ልጄን በረሃ ላይ ሊያስቀርብኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ፣ ልጆቻችሁ ለሞተር ሳይክላቸው እንዲህ ያለ ነገር ለመግዛት ገንዘብ ሲጠይቋችሁ፣ እኔ ያልጠየቅሁትን እናንተ እንድትጠይቁ ነው።

ከገዋኔ ወዲያ

እኔ የምኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ልጄ ከነቤተሰቧ ሰመራ ናት። በመካከላችን ያለው ከ350 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው ነው። ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይለየውም፤ ግመሉም ፍየሉም ይሻገርበታል። ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ደግሞ ብዙ ቦታ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

የልጅ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሞተር ሳይክሉን ሰፈሩ ሁሉ «ሞቶክሮስ» ይለዋል። እውነተኛው ሞቶክሮስ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ ስለሆነ መብራትም ፍሬቻም የለውም። የእሱ ቁመቱና ጎማው ሞቶክሮስ ይመስላል እንጂ መብራትና ታርጋ ያለው ነው። ካርቡራተር የለውም፤ ቤንዚኑን በኮምፒዩተር እየለካ ይረጫል።

ባለፈው ሰኔ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሰነበተና ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መርቄ ሸኘሁት። አዋሽን ሲለቅ ሞተሩ እንደ ወፍ ይበር ነበር አለኝ። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ገዋኔን ካለፈ በኋላ ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር። ቤንዚን ሲሰጠው ከመፍጠን ይልቅ ይታነቃል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሚሌ ድረስ ያደርሰኛል ብሎ የሞላው ቤንዚንም ከጠበቀው ቀድሞ ተሟጠጠ። ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋ። ካንዴላውን ፈትቶ ቢያየው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

የያዘው ውኃ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። እሱንም ጠጥቶ ጨረሰና ሞተሩን መግፋት ጀመረ። በዚያ ሙቀት ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውኃ ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው መቀባዠር ሲጀምር ነገሩ ተራ ድካም መሆኑ ቀርቶ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ልብሱን አላልታችሁ ሰውነቱን በውኃ አርሱ፤ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የእኛን ልጅ ያገኘው ግመል የሚነዳ የአፋር አርብቶ አደር ነው። ከግራር ሥር አስቀመጠው፤ ከያዘው ውኃ ከፍሎ አጠጣው፤ የቀረውን ራሱ ላይ አፈሰሰለት። ከዚያ መንገድ ዳር ወጥቶ አንድ ከባድ መኪና አስቆመ። ሾፌሩ ሞተሩንም ልጁንም ጭኖ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ግሉኮስ ተሰክቶለት ማታ ላይ ተሻለው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር እኔ የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። ሾፌሩ እንዳለኝ፣ «መንገድ ላይ አንድ ልጅ ወድቆ ተገኘ» የሚለው ወሬ በዳጉ ቀድሞት ሚሌ ደርሶ ነበር።

የሚዋሽ ቴርሞሜትር

ከሳምንት በኋላ ሰመራ ወረድኩ። የልጅ ልጄን አስከትዬ ሞተሩን ወደ አንድ መካኒክ አስወሰድኩ። ነርስ እንደነበርኩ ሲሰማ ስሜን ሳይጠይቅ «ሲስተር» ይለኝ ጀመር። ቺፑን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም።

«ሲስተር፣ በሽተኛዎ በትኩሳት እየነደደ ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ 35 ዲግሪ ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«በርዶታል ብዬ ብርድ ልብስ እደርብለታለሁ» አልሁት።

«ይቺም እንደዚያ ነው የምታስደርገው።»

ከዚያ አስረዳኝ። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሞተር በየቅጽበቱ ይለካል። የሚገባው አየር ምን ያህል ይሞቃል? የአየሩ ግፊት ስንት ነው? ሞተሩ ራሱ ምን ያህል ግሏል? ኮምፒዩተሩ በመልሱ መሠረት ቤንዚኑን ይመጥናል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ሞቃት አየር ሳሳ ያለ ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ሲወጣ አየሩ 8 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቺፕ የተባለችው ዕቃ የአየሩን ሙቀት በሚለካው ቴርሞሜትር ቦታ ገብታ፣ ቀንም ሌሊትም «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ትላለች። ኮምፒዩተሩም አምኗት ቤንዚን ይጨምራል። በማለዳው አየር ጭማሪው ብዙም ስላልጎዳው ልጁ ጉልበት አገኘሁ አለ። በቀትር ግን ሞተሩ በማያስፈልገው ቤንዚን ታፈነ፤ ካንዴላው በጥላሸት ተሸፈነ፤ ታንከሩም ያለ ጊዜው ባዶ ሆነ።

ለደጋ የተለካ ለቆላ

ይህን ስሰማ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ክትባት ይዘን ወደ ገጠር የምንወጣው የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስረን በያማሃ ሞተር ሳይክል ነበር። ያኔ ሁሉም ካርቡራተር ነው። ደጋ ላይ የነበረ ሞተር ወደ ቆላ ሲመጣ መካኒኩ ቤንዚን የምታሾልከውን የናስ ቀዳዳ በትልቅ ይቀይራል፤ ካልቀየረ ቤንዚኑ እያነሰው ሞተሩ ይግላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ናት፤ ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር ገደማ። የሰመራ የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው በሩብ ያህል ይበልጣል። ሙቀቱ ከዚያ ላይ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ልዩነቱን አያጠፋውም።

የዛሬው ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ከፋብሪካው ሲወጣ ያውቀዋል፤ ግፊቱን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። ችግር የሚመጣው የፋብሪካውን ልኬት ሌላ ሰው ሲነካው ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ የሄደ ልኬት ሰመራ ላይ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላ ይጠቁራል፤ ሲያንስ ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ብሶ ሲመጣ ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ታዲያ ሁሉም ማታለል ነው?

አይደለም። ለወጣቶቹም ፍትሕ መስጠት አለብን። ለውድድር የሚሠሩ የሞቶክሮስ ሞተሮች ካርቡራተርን መተው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የሱዙኪ አርኤም-ዜድ 450 ወዲህ ነው። በ2018 የወጣው የያማሃ ዋይዜድ 450ኤፍ ደግሞ የቤንዚኑን ልክና የካንዴላውን የእሳት ሰዓት ከስልክ ላይ ለመቀየር ያስችላል። ማርሚታውንና የአየር ማጣሪያውን የቀየረ ሰው የቤንዚኑን ልክም ማስተካከሉ ተገቢ ነው፤ ሞተሩ አተነፋፈሱ ተለውጧልና። ነገር ግን «ኮምፒዩተር ማስተካከል» በሚባለው አንድ ስም ሥር አራት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ።

የመጀመሪያው የእኛ ልጅ የገዛው ዓይነት ቺፕ ነው። ርካሽ ነው፤ የሚያደርገው መዋሸት ብቻ ነው። አትግዙት።

ሁለተኛው በዋናው ኮምፒዩተርና በቤንዚን መርጫው መካከል የሚገባ ሳጥን ነው። የቤንዚኑን መጠን እንደ ሞተሩ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሲነቀል ሞተሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው የዋናውን ኮምፒዩተር ልኬት በላፕቶፕ አውጥቶ አዲስ መጻፍ ነው። በሚያውቅ እጅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የፋብሪካው ልኬት ቀድሞ ካልተቀመጠ ግን መመለሻ የለውም።

አራተኛው ዋናውን ኮምፒዩተር አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ይህ ለተወዳዳሪ ነው። ውድ ነው፤ የሚያስተካክለው ባለሙያም ይፈልጋል። ዱብቲና ሎግያ ደርሶ ለሚመለስ ልጅ ትርፉ ወጪ ነው።

እንደ ዳጉ ጠይቁ

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ አንዳንዴም አረፍ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ይህ ነው ዳጉ። ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ አንተው አይተሃል ወይስ ሰማህ? ከማን? የት? መቼ? ብሎ ይጠይቃል። ልጃችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሞተር ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ምን ጎደለው ብለህ ነው? ሞተሩ የሚንተፋተፍ ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና የቤንዚን ማጣሪያው ይታይ። በአፋር አቧራ የታፈነ ማጣሪያ ጉልበት የበላ ኮምፒዩተር ይመስላል።

ልኬቱን ማን ሠራው? የትስ ሞከረው? «ከስልክ አወረድኩት» የሚለው መልስ አይበቃም። ሠሪው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመሣሪያ ለክቶ ነው ወይስ ድምፁን ሰምቶ? ደጋ ላይ ነው ወይስ በቀትር ሙቀት ቆላ ላይ?

በምን ቤንዚን? ጉልበት የሚጨምረው ልኬት ብዙ ጊዜ የካንዴላውን እሳት ያስቀድማል፤ ያ ደግሞ ጥራት ያለው ቤንዚን ይጠይቃል። ማደያ ላይ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል?

ወደ ነበረበት ይመለሳል? መልሱ አይደለም ከሆነ ብሩ ከኪሳችሁ አይውጣ።

ከጉልበት በፊት

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራሳችን አለ። ይህ ልጅ ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሌላ በኩል በብዙ አገራት የተሠሩ ጥናቶችን የገመገመው ኮክሬን፣ ሄልሜት በሞተር ሳይክል አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እኔ በሥራ ዘመኔ በቃሬዛ ሲገቡ ካየኋቸው የሞተር አደጋ ተጎጂዎች ውስጥ «ምነው ሞተሩ ትንሽ ጉልበት በኖረው» ያለ አላጋጠመኝም። «ምነው ሄልሜቱን ባደረገ» ያሉ እናቶችን ግን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ አገጭ ድረስ የሚሸፍንና በማሰሪያው በደንብ የሚታሰር ሄልሜት፣ ያልበላ ፍሬን፣ ያላረጀ ጎማ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ረጅም መንገድ ከሆነ ቢያንስ አምስት ሊትር ውኃ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የተሞላ ስልክ፤ ጉዞውም ከቀትር በፊት ይጠናቀቅ። ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

የሰመራው መካኒክ ቺፑን ጥሎ የፋብሪካውን ቴርሞሜትር መለሰ፤ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አልተንተፋተፈም፤ ቤንዚኑም እንደ ድሮው ይበቃዋል። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ እንደገና ደወለ። አሁን ደግሞ ማርሚታውን ቀይሮ ልኬቱን በላፕቶፕ ማስጻፍ ይፈልጋል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አቀረብኩለት። የፋብሪካው ልኬት እንደሚቀመጥለት አረጋግጧል። ሠሪው ጭሱን በመሣሪያ ይለካል? ቆላ ላይ ሞክሮ ያውቃል? ለእነዚህ ሁለቱ ግን መልስ አልነበረውም።

«እጠይቅና እደውልልሻለሁ እማማ» አለኝ።

«ጠይቅ የኔ ልጅ» አልሁት። እስኪደውል ብሩ እኔ ጋ ነው።