ዲንጊን ከጀልባ ኋላ መጫን

ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ የሳን ሁዋን ደሴቶች በሚባሉት ውስጥ ሱሺያ የምትባል ደሴት አለች። የዋሽንግተን ግዛት የባሕር ፓርክ ናት። የሕዝብ ፌሪ አይደርስባትም፤ የሚሄደው ሰው በጀልባ ነው የሚሄደው። አብዛኛው ጀልባ ከዳር ራቅ ብሎ መልህቁን ይጥላል፣ ወይም ውሃው ላይ ከተተከለ ተንሳፋፊ ጋር ይታሰራል። የቀረችውን ትንሽ መንገድ የሚያደርሰው ዲንጊ ነው። ውሻው ሽንቱን ለመሽናት የሚወርደው፣ ልጆቹ አሸዋ ላይ ለመጫወት የሚሄዱት በዚህች ትንሽ ጀልባ ነው።

ዲንጊዋ እዚያ እስክትደርስ የት ትቀመጥ? ሌክ ዩኒየን በተባለው የከተማዋ ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸር የሲያትል ነዋሪ መልሱን በየቀኑ ያየዋል፦ ከ9 እስከ 12 ሜትር የሚረዝሙት ጀልባዎች ከኋላቸው፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መደርደሪያ የመሰለ መድረክ አላቸው። ዲንጊዋ እሱ ላይ በጎኗ ቆማ ትታያለች። መድረኩ መጀመሪያ የተሠራው ግን ለዋናተኛ ነው፤ ሰው ከውሃ ወጥቶ እንዲቆምበት። ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ይህ ሲረሳ ነው።

ሌሎች አማራጮች አሉ። በገመድ መጎተት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ገመዱ የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ሊጠመጠም ይችላል፣ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ዲንጊዋ ልትገለበጥ ትችላለች። ጣሪያ ላይ መጫን ክሬን ይጠይቃል። ስለዚህ መካከለኛ ጀልባ ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ ወደ መድረኩ ይመጣል።

መጀመሪያ ክብደቱን እንቁጠር። 3 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ወለሏ ጠንካራ ፋይበርግላስ የሆነ የአየር ጎማ ጀልባ ብቻዋን ከ60 እስከ 70 ኪሎ ትመዝናለች። 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 40 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ነዳጁ፣ መቅዘፊያው፣ ትንሿ መልህቅ ሲደመሩ 130 ኪሎ ሩቅ አይደለም። ይህ ሁሉ የተጫነው ደግሞ የጀልባዋ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። ከጀልባዋ መሃል 6 ሜትር የራቀ 100 ኪሎ፣ 3 ሜትር ላይ ካለ 100 ኪሎ በእጥፍ ኋላዋን ይጫናል። አይሱዙ ከኋላ ጎማው አልፎ ሲጫን ፊቱ እንደሚቀለው ማለት ነው፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፣ መሪዋ ይላላል፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ኋላ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ወደ ውሃው ይጠጋሉ።

መድረኩ ራሱስ ይችላል? ከጀልባዋ አካል ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ የሚታየው የእንጨት መድረክ ግን በብሎንና በድጋፍ ብረት ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነው። ግድግዳው ሁለት ስስ ፋይበርግላስ በመሃሉ ኮምፔንሳቶ የታጨቀበት ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ ብሎን ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ከሆነ እንጨቱ በስብሶ ከውጭ ምንም አይታይም። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ እየመቱ ማዳመጥ ይጠቅማል፦ ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ግን ያሳስባል። አዲስ ብሎን የሚገባ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሰፊ የብረት ሳህን ያስፈልገዋል፤ ሮንዴላ ብቻ አይበቃም። አምራቹ ለመድረኩ የወሰነውን ክብደት ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል። ሲወስን ደግሞ ያሰበው የቆመ ሰውን እንጂ ከታች በማዕበል እየተመታ ቀኑን ሙሉ የሚነቃነቅ ጭነትን አይደለም።

በጣም የተለመደው ዘዴ መንጠቆ ነው፤ በአሜሪካ ብዙዎች ዊቨር በሚባለው ምርት ያውቁታል። ከዲንጊዋ አንድ ጎን ጎማ ላይ ሁለት ማያያዣዎች ይለጠፋሉ፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ሁለት መንጠቆዎች በብሎን ይታሰራሉ። ዲንጊዋ ውሃ ላይ እያለች ጎኗ ከመድረኩ ጋር ይጋጠማል፤ ከወዲያኛው ጎኗ በታሰረ ገመድ አንድ ሰው ሲስባት እንደ በር ተገልብጣ ትቆማለች። ሁለት የአይዝጌ ብረት ዘንጎች ደግፈው ይይዟታል። ሆዷ ወደ ውጭ ስለሚዞር ማዕበል ቢመታትም ውሃ አትይዝም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሞተሩ ግን መውለቅ አለበት፣ ወይም ዲንጊዋ ስትገለበጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ ልዩ መያዣ ያስፈልገዋል። 40 ኪሎ ሞተር ከምትወዛወዝ ጀልባ ላይ በእጅ ማንሳት ወገብ ይፈልጋል፤ በዚህ ዘዴ ለሚጠቀም ሰው ትንሽ ሞተር ይሻላል እላለሁ።

ሥራው የሚበላሸው ማስቲሹ ላይ ነው። የአየር ጎማ ጀልባዎች በብዛት ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይሠራሉ፦ ፒቪሲ ወይም ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ። የአንዱ ማስቲሽ ለሌላው አይሆንም፤ የተሳሳተው ሲለጠፍ የያዘ ይመስልና አንድ ሙቅ ቀን ተላጦ ይወጣል። ስለዚህ ዓይነቱን ከአምራቹ ሰሌዳ ላይ ማረጋገጥ ግድ ነው። ከዚያ ዲንጊዋ ሙሉ በሙሉ ተነፍታ ውሃ ላይ ከመድረኩ ጋር ትጋጠምና ቦታው ምልክት ይደረግበታል፤ ያልተነፋ ጎማ ላይ የተለካ ቦታ ሲነፋ ይሸሻል። ምልክት የተደረገበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ለዕቃው በሚስማማ ማጽጃ ይጠረጋል፣ ማስቲሹ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀባል። በሁለቱ መካከል ጣት ሲነካው ብቻ እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዝናባማና እርጥብ ቀን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲያትል አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋም። ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ሳይጎተት ይደር።

ሁለተኛው መንገድ ዲንጊዋን ሞተሯን ሳያወልቁ ጠፍጣፋ አስተኝቶ ለቅርጿ በተሠራ ማስቀመጫ ላይ በቀበቶ ማሰር ነው። ምቹ ነው፤ ግን ዲንጊዋ ባልዲ ሆነች ማለት ነው። 200 ሊትር ዝናብ ወይም ማዕበል ከገባባት 200 ኪሎ ጨመረች። ጭነት ላይ እያለች ከሥሯ ያለው ቡሽ ይወጣል፣ ከላይ ሸራ ይለብሳል። ውሃ ላይ ከመውረዷ በፊት ቡሹ ይመለሳል፤ ቁልፉ ጋ አብሮ የሚሰቀለውም ለዚህ ነው። በሁዋን ደ ፉካ የባሕር መተላለፊያ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ነፋስ ይበረታል፤ ከምዕራብ በኩል ወደ ደሴቶቹ የሚመለስ ጀልባ ማዕበሉን ከኋላው፣ ዲንጊዋ ባለችበት በኩል ያገኘዋል ማለት ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው መድረኩን እንዳለ ውሃ ውስጥ የሚያወርድ የሃይድሮሊክ ማንሻ ያስገጥማል። ዲንጊዋ ራሷ ተንሳፋ ትወጣለች፣ ስትመለስም ተንሳፋ ትገባለች። ማንሻው ብቻውን መቶዎች ኪሎ ይመዝናል፤ ትልቅ ጀልባ ላይ ካልሆነ አይመከርም።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ መሰላሉ ነጻ መሆን አለበት። የአብዛኛው ጀልባ መሰላል ያለው መድረኩ ሥር ነው። ዲንጊ ከተጫነበት፣ ባሕር ውስጥ የወደቀ ሰው በምን ይውጣ? የዚያ አካባቢ ውሃ በሐምሌም ቢሆን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነው፤ እጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ሊደርስበትና ሊዘረጋው የሚችል ሌላ መሰላል በጎን በኩል ይገጠም።

ጭሱም አለ። የሞተርና የጄኔሬተር ጭስ የሚወጣው በኋላ በኩል ነው፤ የቆመች ዲንጊ ግድግዳ ሆና ወደ መቀመጫው ልትመልሰው ትችላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ዩታና አሪዞና መካከል ባለው የሌክ ፓውል ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000፣ ሁለት ወንድማማች ልጆች በአንድ የቤት ጀልባ መድረክ ሥር በተጠራቀመ የጄኔሬተር ጭስ ሞተዋል። በተለይ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ያለው ሰው ጠቋሚ መሣሪያ ሳይገጥም አይውጣ።

የኋላው ነጭ መብራትም በ135 ዲግሪ ስፋት መታየት አለበት፤ በመርከብ አካሄድ ደንብ የተወሰነ ነው። ዲንጊዋ ከሸፈነችው ሌላ መብራት ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። የጀልባዋ ስምና የወደቧ ስም ከኋላ ተጽፎ ከሆነም እንዳይሸፈን ማየት ነው። ወደብ ላይ ቦታ የሚከራየው በርዝመት ስለሆነ ደግሞ፣ ብዙ ወደቦች መድረኩንና ከሱ አልፋ የወጣችውን ዲንጊ አብረው ይለካሉ፤ ቦታ ለመያዝ ስልክ ሲደወል ርዝመቱን ከነዲንጊዋ መናገር ይሻላል።