ከአዳማ እስከ ወንዶ ገነት ፤ ለቤተ ሰብ የምትበቃ አንዲት እሑድ

የካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ሥዕል በመጽሔት ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ለምሳሌ ያኽል ዶሚኒካ የምትባለው ትንሽ ደሴት ተራራዋ ሁሉ ደን የለበሰ ነው፤ ከደኑም መካከል እንደ ተጣደ ድስት የሚንፈቀፈቅ ሐይቅ አላት። ይህ ሐይቅ የሚገኝበት ሞርን ትሯ ፒቶን የተባለው ፓርክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አገር ጐብኚው ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ጧት ደኑን ያያል፥ ቀትር ላይ የደሴቱን ምግብ ይቀምሳል፥ ማታ በፍል ውሃ ታጥቦ ይተኛል። ይህን የሚያነብ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «እንዲህ ያለው ነገር ለባለጸጋ ነው» ብሎ መጽሔቱን ያጥፋል።

አንባቢ ሆይ! መጽሔቱን ከማጠፍዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። ደኑም፥ ፍል ውሃውም፥ የሐይቅ ዓሣውም፥ ሌላው ቀርቶ የካሪቢያን ሰዎች ወጥ ቤት እንኳ ከአዳማ በ200 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቀት ላይ አለልዎ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፥ ሶደሬን የማያውቅ የአዳማ ሰው አይገኝም፤ ከሻሸመኔ ወደ ወንዶ ገነት ከነልጆቹ የወጣው ግን ጥቂት ነው።

ጉዞው

የአንድ ቀን ጉዞ እንዲበቃ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት ያሻል። ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰቦች ተባብረው አንድ አባዱላ ቢኮናተሩ የእያንዳንዱ ወጪ ይቀላል፤ ልጆቹም ጨዋታ ያገኛሉ። ከመነሣትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ይጠይቁ።

አዳማን ለቅቀው ሞጆ ሲደርሱ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። ብዙም ሳይቆዩ የቆቃ ሐይቅ ይታያል። ልጆቹ «ይህን ሐይቅ ማን ሠራው?» ቢሉ መልሱ ታሪክ ያስተምራል። የአዋሽን ወንዝ የገደበው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረ ሲሆን፥ የተሠራውም ኢጣልያ ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው።

ከዚያ መቂ ይመጣል። በመንገዱ ዳር የተደረደረው የቲማቲምና የሽንኩርት ሣጥን፥ የፓፓያውም ክምር የመቂ መታወቂያ ነው። ለምሳ የሚሆነውን ፍሬ ከዚህ ይግዙ፤ ነገር ግን ቲማቲሙ የጠጣው ውሃ ከየት እንደ መጣ ያስቡ። ነገሩ ወደ ኋላ ይመለስብናል።

ባቱና ዓሣው

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ እያለ የሚጠራት ባቱ ከተማ ለቁርስ ትመቻለች። በሐይቁ ዳር ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎች ልክ እንደ ሽማግሌ ኮታቸውን አጥፈው ቆመው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። ልጆች ይህን ትርኢት አይጠግቡትም። ቆሮሶው ተሰንጥቆ፥ በዘይት እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፥ ከዳጣና ከሎሚ ጋራ ሲቀርብ የሌሊት እንቅልፍ ማጣቱን ያስረሳል። አጥንቱን ለልጆቹ እርስዎ ይልቀሙላቸው።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ሲሆን፥ በዚያ ያለው የማርያም ገዳም በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዶ ያረፈበት እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸውም ቋንቋ አላቸው። ደሴት ለማየት የካሪቢያንን ባሕር መሻገር ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱታል።

ከባቱ በታች ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ይከተላሉ። ሦስቱም ከመኪናው መስኮት ወይም ከአጭር ማረፊያ ቢታዩ ለዛሬ ይበቃል። ሻላ 266 ሜትር ያኽል ጥልቀት ስላለው ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ የጠለቀ ነው። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፥ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ከዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ምክንያቱን ልጆቹ በካርታ ሊከተሉት ይችላሉ። የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። በላይ በኩል ለመስኖ ብዙ ከተቀዳ ለታችኛው የሚደርሰው ያንሳል። በዚያ ላይ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከአብያታ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ጧት የገዛነው ቲማቲም ከዚህ ሐይቅ ጋራ ያለው ዝምድና ይኸው ነው።

ጃማይካ በሻሸመኔ

ሻሸመኔ «የሻሼ ቤት» እንደ ማለት ነው ይላሉ፤ መንገደኛ የምታስተናግድ ሻሼ የምትባል ሴት ነበረች ይባላል። ከተማይቱ ዛሬም የመንገደኛ ቤት መሆኗን አልተወችም። ከእንግዶቿም እጅግ ሩቅ የመጡት የካሪቢያን ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነቱ ዘመን ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በግፍ ለተወረረችው ኢትዮጵያ የጥቁር ሕዝቦችን ድጋፍ አሰባሰበ። ከድል በኋላ፥ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውለታው መታሰቢያ በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት፥ ማለት 200 ሔክታር ያኽል ሰጡ። በመጀመሪያ ከሰፈሩት መካከል ከሞንትሴራት ደሴት የመጡት ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጐበኙ ወዲህ የራስ ተፈሪያን ቁጥር ጨመረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ከይዞታቸው አብዛኛውን አጡ፤ ቢሆንም ብዙዎቹ አገሩን አልለቀቁም። የመታወቂያ ካርድ እንዲሰጣቸው የተወሰነው ግን በ2009 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ እዚሁ የተወለዱ ልጆች አድገው ልጆች ወልደዋል።

በጃማይካ ሰፈር ያሉት የምግብ ቤቶች ትንንሽ ስለ ሆኑ፥ ጧት ሲያልፉ ምሳዎን አዝዘው ይሒዱ። ሩዝ ከቀይ ቦሎቄ ጋራ በኮኮናት ወተት ይቀቅላሉ። ጀርክ የሚሉት ዶሮ በቃሪያና በቅመም ታሽቶ በፍም ላይ የሚጠበስ ነው። ሥጋ የማይበሉት ደግሞ አይታል የሚባል ምግብ አላቸው፤ ከአትክልትና ከጥራጥሬ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩበትም። በጾም ወራት ሽሮና ጐመን የለመደ ቤተ ሰብ አይቸገርበትም። ልጆቹ ቀምሰው «ጨው ይጐድለዋል» ቢሉ አይቈጡ፤ የሌላውን ሰው ምግብ መቅመስ የሌላውን ሰው የማወቅ መጀመሪያ ነው።

ደኑ

ከሻሸመኔ ወደ ወንዶ ገነት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። አቧራው እየቀረ፥ እንሰቱ፥ ሸንኮራ አገዳው፥ አቮካዶውና ቡናው እየበዛ ይሔዳል። አሁን የገቡት ሲዳማ ክልል ነው። የአገሩን ምግብ ለመቅመስ ጊዜ ካለዎት ቡርሳሜ ብለው ይጠይቁ፤ ከእንሰት የተሠራ፥ በቅቤ የራሰ፥ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ የሚቀርብ ነው።

በጥብቅ ትርጕሙ የዝናም ደን ሊባል የሚገባው በከፋና በሸካ ያለው ነው። የወንዶ ገነት ደን የደጋና የወይና ደጋ ደን ነው፤ የተረፈውም ጥቂት ነው። ቢሆንም ከአዳማ ነፋስና አቧራ ለመጣ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ስለ ዝግባ ስጠይቅ ስሙን እንጂ ዛፉን የሚያውቁት ከጣት አይበልጡም። እዚህ ግን ዝግባው፥ ቀረሮው፥ ዋንዛውና ብሳናው በቁመታቸው ሰውን ያሳንሳሉ። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ አስጐብኚው ያሳይዎ፤ ከቅርፊቱ የሚወጣው መድኃኒት በውጭ አገር የሽማግሌ ወንዶችን የሽንት ችግር ለማስታገስ ይሸጣል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ሥፍራ የደን ትምህርት ቤት መቋቋሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ዝም ብለው ከቆሙ ጉሬዛ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል የሚያስፈራው ነገር ያለ አይመስልም። አውራ ጣት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው የሰጠው ስም ከእኛው «ጉሬዛ» የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ በዓለም ያሉ የእንስሳት ሊቃውንት ሁሉ ሳያውቁት አማርኛ ይናገራሉ።

ከደኑ ሥር ፍል ውሃው ይፈልቃል። በስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ሳስቶ ስለ ተሰነጠቀ፥ ወደ ውስጥ የሰረገው ዝናም ከትኩስ አለት ደርሶ ይመለሳል። በአሉቶ ላንጋኖ ኤሌክትሪክ የመነጨውም ከዚሁ ሙቀት ነው። ልጆችዎን ወደ ምንጩ አፍ አያስጠጉ፤ ወደ መዋኛው ወርዶ የቀዘቀዘው ይበቃቸዋል።

የማታው ፈተና

አንባቢ ሆይ! ሲመለሱ የሚያዩትን አሁን ልንገርዎ። ከአርሲ ነጌሌ እስከ ላንጋኖ ባለው መንገድ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይጠብቅዎታል። ዋጋው ከአዳማ ይረክሳል፤ ባለቤትዎም «አንድ እንያዝ» ይሉ ይሆናል። ያ ከሰል በሐይቆቹ ዳር ቆሞ የነበረው ግራር ነው። አርሲ ነጌሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አረቄውን ለማውጣት ቀንና ሌሊት የሚነደው እንጨት ደግሞ በአብዛኛው ከሙኔሳ ደን የሚመጣ ነው። አረቄ አውጪዋ እናት ልጆቿን የምታስተምረው በዚያው ገንዘብ ነው። ከሰል ሻጩም ያው ነው። እነርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ገዢዎቹ ግን እኛ ከተሜዎቹ ነን።

ደን ዝናሙን ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጭ የሚያካፍል ግምጃ ቤት ነው። ደኑ ሲያልቅ ጐርፉ በአንድ ቀን ወርዶ አፈሩን ወደ ሐይቅ ይወስዳል፤ በበጋ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። ጧት ለልጅዎ ዝግባን አሳይተው ማታ ከሰል ቢጭኑ፥ ልጁ የሚይዘው የማታውን ትምህርት ነው። ከሰሉን ከአዳማ ሱቅ ቢገዙትም ከዚያው ደን መቆረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ መብራት ባለ ቀን በምጣድና በምድጃ የሚሠራውን በዚያ መሥራት፥ ከሰል የግድ ሲሆንም ጥቂት የሚበላ ምድጃ መያዝ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልግዎ ይህ ነው፦ የማያንሸራትት ጫማ፥ የዝናም ልብስ፥ የሚጠጣ ውሃ፥ ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ። በደኑ ውስጥ የአገሩን ሰው ለአስጐብኚነት ይያዙ፤ ተገቢውንም ዋጋ ይክፈሉ። ደኑ ቆሞ ገቢ እንደሚያስገኝ ለጐረቤቶቹ የሚያስረዳው ያ ገንዘብ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጆቹ ስማቸውን የያዟቸውን ዛፎች ይቍጠሩ፤ አምስት ከሞላ ቀኑ በከንቱ አላለፈም። መልካም ጉዞ!