ቡሆ አይጠብቅም

ነቀምት ያለችው አክስቴ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ የምታነሳው የመብራትን ነገር ነው። ባለፈው «ዛሬ አምስተኛ ቀናችን» አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ይመጣል ብላ ቡሆውን አቆየችው። በማግስቱ ኮመጠጠ። በሦስተኛው ቀን ጓሮ ጉልቻ ጎልታ በማገዶ ጋገረችው። ስልኩንም ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ከፍላ ቻርጅ አስደርጋ ነው የደወለችው።

ኪሳራው እንዴት ይሰላል? ቀላሉ መንገድ ያልተሸጠውን ኪሎዋት ሰዓት በታሪፍ ማባዛት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት። በዚህ ሒሳብ የአክስቴ ጉዳት ይኸው ብቻ ነው። የማገዶው፣ የቻርጁ፣ የተበላሸው ቡሆ ዋጋ የትም አይገባም። እኔ ግን ትክክለኛው መነሻ ሰው በጨለማ ጊዜ ተገዶ የሚያወጣው ገንዘብ ነው እላለሁ።

ደግሞ የአምስት ቀን ጉዳት የአንዱ ቀን አምስት እጥፍ አይደለም። ለአንድ ሰዓት ሲጠፋ ሥራ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሲሰነብት ግን ፓምፑ ቆሞ ውኃ ይጠፋል፣ ወፍጮ ቤት ይዘጋል፣ የስልክ ማማው ባትሪ አልቆ ኔትወርክ ይሄዳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት ክትባት ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ውስጥ ይሞቃል።

ነቀምት ያለችበት ወለጋ ደግሞ ኃይል የሚመነጭበት አገር ነው። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆሮ ጉዱሩ ላይ ያመነጫል። የህዳሴው ግድብ ባለ 500 ኪሎቮልት መስመርም በዴዴሳ በኩል ነው ሆለታ የሚገባው። የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ኃይል በደጁ እያለ መጨለሙ ነው። የወለጋ ከተሞች እንደ ጨሌ በአንድ ክር ተሰክተዋል፤ ከነቀምት ወዲያ ጊምቢ፣ ከጊምቢ ወዲያ መንዲ። አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። በአካባቢው ግጭት በነበረባቸው ዓመታት ጠጋኝ መድረስ ስላልቻለ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ለረጅም ጊዜ መብራት ያላዩ ከተሞች ነበሩ።

በሌላ አቅጣጫ የሚገባ ሁለተኛ መስመር፣ እዚያው አካባቢ የተከማቸ ምሰሶና ትራንስፎርመር፣ ለጤና ጣቢያ ሶላር ከነባትሪው፤ እነዚህ በታሪፍ ሲሰሉ ውድ ናቸው። በቡሆው፣ በውኃውና በክትባቱ ሲሰሉ ግን ርካሽ ናቸው።

በስድስተኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አክስቴ ተነሥታ ምጣዱን ሰካች። እስኪነጋ ጠብቃ ተመልሶ እንዲሄድባት አልፈለገችም።