ከተሽከርካሪ አደጋ በኋላ የአሽከርካሪው የመርዳት ግዴታ፦ ከጥፋተኝነት የተለየ ኃላፊነት

የተሽከርካሪ አደጋ ሲደርስ በአሽከርካሪው ላይ ሁለት የሕግ ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው አደጋው በማን ጥፋት ደረሰ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አሽከርካሪው ከአደጋው በኋላ ምን አደረገ የሚለው ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ወይም «ከረዳሁ ጥፋቴን እንዳመንኩ ይቆጠራል» በሚል ምክንያት ተጎጂው መንገድ ላይ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥያቄዎቹን ለያይቶ ይመለከታል።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት፣ በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የተደቀነበትን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሊረዳው ሲችል አስቦ የተወው ማንኛውም ሰው እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ተጎጂውን ራሱ ያቆሰለው ወይም በማናቸውም ሁኔታ ለአደጋ ያጋለጠው ሰው ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል፤ እስራቱ ከአንድ ወር አያንስም፣ መቀጮውም በአማራጭነት ሳይሆን በተጨማሪነት ይጣላል። ድንጋጌው የሚጠይቀው ማቁሰልን ወይም ለአደጋ ማጋለጥን እንጂ ጥፋተኝነትን አይደለም። ስለዚህ በእግረኛው ስህተት የተከሰተ ግጭትም ቢሆን የመርዳትን ግዴታ አያስቀርም።

አከራካሪው ነጥብ በስፍራው የተሰበሰበውን ሰው ቁጣ ፈርቶ የሚሸሽ አሽከርካሪ ጉዳይ ነው። ሕጉ ማንንም ራሱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ አያስገድድም። ሆኖም በተዘዋዋሪ መርዳትንም ስለሚጠቅስ፣ ስፍራውን ለመልቀቅ የተገደደ ሰው ለአምቡላንስ ወይም ለፖሊስ ሊደውል፣ አለዚያም በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሊያስታውቅ ይችላል። ስጋቱ የእርዳታውን መንገድ ይለውጣል እንጂ ግዴታውን አያጠፋም።

ሽሽት ከኃላፊነትም አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪው ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በወንጀል በኩልም በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ተጎጂውን በሕይወት ሳለ ጥሎ መሄድ በዚህ ላይ ሌላ ወንጀል ይጨምራል።

በሌላ በኩል፣ መርዳት ጥፋትን ማመን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብቱን ያረጋግጣል። ቁስለኛን ወደ ሆስፒታል ያደረሰ አሽከርካሪ ከእነዚህ መብቶች አንዱንም አያጣም። የጥፋቱ ጥያቄ በፍርድ ቤት ጊዜ ተወስዶ ሊመረመር ይችላል፤ የቁስለኛው ሕይወት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።